ዝናብ ባላቋረጠበት ጸደይ የጎልፍ ሜዳ ሳር እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ «የአንድ ጎልፍ ሜዳ የሳር እንክብካቤ ኃላፊ ነኝ። ዘንድሮ ጸደዩ ከገባ ጀምሮ ዝናቡ አላቋረጠም። ግሪኖቹ (የኳሱ ጉድጓድ ያለባቸው በጣም አጥረው የሚታጨዱ ቦታዎች) ሲረገጡ ይሰረጉዳሉ፤ ሳሩም ቢጫ እየሆነ ነው። ሁለት ግሪኖች ላይ ደግሞ ክብ ክብ ቡናማ ምልክት ወጥቷል። የፌርዌዩ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው የታጨደ ሜዳ) አፈር ሸክላ ስለሆነ ማጨጃ ማስገባት አልቻልንም፤ ሳሩ ቁርጭምጭሚት ሊደርስ ነው። ተጫዋቾች ካርት (ትንሿ የጎልፍ መኪና) ይፈቀድልን ይላሉ። አለቆቼ ማዳበሪያ ጨምርበት ይላሉ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ከማዳበሪያውና ከካርቱ እንጀምር፤ ሁለቱም ዛሬውኑ ውሳኔ ይፈልጋሉ። ማዳበሪያውን ያቆዩት። ካርቱንም ይከልክሉ። ምክንያቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አፈርዎ ውስጥ አየር የለም።

ከጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ጠጣር ነገር ነው። የቀረው ክፍት ቦታ ነው፤ እሱን ውሃና አየር ይካፈሉታል። ዝናብ ሲደጋገም ውሃው የአየሩን ድርሻ ይወስዳል። ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በ10,000 እጥፍ ገደማ ዝግ ብሎ ነው። ስለዚህ ከላይ የፈለገውን ያህል ንጹሕ አየር ቢኖር ወደ ሥሩ አይደርስም። አፈሩ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና ጥቃቅን ተሕዋስያኑ ይሻሙባታል። አፈሩ ሞቅ ካለ በአንድ ሁለት ቀን ታልቃለች፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ሥሩ ሥራ ያቆማል። ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ምግቡ አጠገቡ እያለ መውሰድ ያቅተዋል።

የሳርዎ ቢጫነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። አለቆችዎ ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ዓይነት ከውሃ ጋር ወደ ታች ታጥቦ ይሄዳል። አየር ባጣ አፈር ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይቀይሩትና በኖ ይጠፋል። ስለዚህ እውነተኛ የናይትሮጅን እጥረትም ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ሥሩ አሁን ማዳበሪያ ቢሰጠው ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ይህን ከላይ በማየት ማወቅ አይቻልም። አፈሩን ቆርጦ ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ የሆል መቁረጫው (ኳሱ የሚገባበትን ጉድጓድ የሚቆርጡበት) ይበቃል። በጣም ቢጫ ከሆነው ግሪን አንድ፣ ደህና ከሚመስለው ግሪን አንድ ቁራጭ ያውጡ። ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የሥሩ ቀለም ነው፤ ነጭና ጠንከር ያለ ሥር በሕይወት አለ፣ ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚላጥ ሥር ሞቷል። ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው፤ ሥሩ እስከ ስንት ሴንቲሜትር ይወርዳል? ሦስተኛው ሽታው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተና ጥቁር መስመር ካዩ እሱ «ጥቁር ንብርብር» የሚባለው ነው። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰልፈርን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ እየቀየሩት ነው ማለት ነው። ጋዙ ለሥር መርዝ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነው።

እነዚያን ቁርጥራጮች አይጣሏቸው። አለቆችዎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡላቸው። ከረጅም ሪፖርት ይልቅ ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ያበቃ ሥር በዓይን ማየት ሰውን ያሳምናል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይባላል፤ በሞተ ሥር ላይ ማዳበሪያ መበተን እንዲያ ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ሥር የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ቤንትግራስና ብሉግራስ ያሉ የቀዝቃዛ አየር ሳሮች ሥር በደንብ የሚያድገው የአፈሩ ሙቀት ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ያ ደግሞ ጸደይ ነው። ሙቀቱ ሲገባ የሥር እድገት ይቀንሳል፣ ያለውም ማነስ ይጀምራል። ስለዚህ ሳሩ ለሞቃቶቹ ወራት የሚሆነውን ሥር የሚሠራው አሁን ነው። በዝናቡ የተጎዳ ሳር ብዙ ጊዜ በዝናቡ ወቅት አይሞትም። የሚሞተው ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁሉም ሰው «ተመስገን፣ አለፈልን» ሲል ነው። አሁን የምንወስነውን እያንዳንዱን ነገር ከዚህ አንጻር ማየት አለብን። ሜዳው ዛሬ ማማሩን ሳይሆን ሥሩ ከሁለት ወር በኋላ የት እንደሚደርስ ያስቡ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን ማስወጣት ነው። ላይ ላይ ያቆረውን ውሃ በጎማ መግፊያ ይግፉት፤ ካልሆነ በትንሽ ፓምፕ ያውጡት። ጥልቀት የሌለው የቆመ ውሃ ፀሐይ ካገኘው ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ሳሩን በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ደመና ባለበት ቀዝቃዛ ቀን ያን ያህል አያስቸኩልም። ቤንትግራስ ውሃ ውስጥ መቆየትን ፖአ አኑዋ ከሚባለው፣ ግሪን ላይ በራሱ ከሚበቅል ሳር በተሻለ ይችላል። ግሪንዎ የሁለቱ ቅልቅል ከሆነ መጀመሪያ የሚሳሳው የፖአው ክፍል ነው። ጎርፍ ደለል ጥሎ ከሄደ ሳይደርቅ በውሃ አጥበው ያስወግዱት። ከደረቀ በኋላ ላዩን ስለሚደፍነው ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ሜዳውን በእግርዎ ይዙሩ። ዝናብ ሲያቆም አይደለም፤ እየዘነበ። የማፋሰሻ ቱቦዎቹ መውጫ የት እንደሆነ ይፈልጉ። ውሃ ይወጣባቸዋል? ብዙ ጊዜ «ግሪኑ ውሃ አይለቅም» የተባለበት ምክንያት መውጫው በሳር፣ በቅጠል ወይም በደለል መደፈኑ ሆኖ ይገኛል። ይህ በአካፋ የሚፈታ ችግር ነው። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ሁሉ በባንዲራ ምልክት ያድርጉና ፎቶ ያንሱ። ደረቅ ወቅት ሲመጣ ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ የሚነግርዎ ይህ ፎቶ ነው። አሁን ግን አይቆፍሩ። እርጥብ ሸክላ ሲቆፈር የጉድጓዱ ግድግዳ ይለሰንና ውሃ አያስገባም። በኋላ ሲቆፍሩም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማፋሰሻ ቱቦ ቢቻል በ100 ሜትር 1 ሜትር ቁልቁለት ይኑረው። ከላዩ የቆፈሩትን ሸክላ አይመልሱበት። ጠጠርና ሻካራ አሸዋ እስከ ላይ ድረስ ይሙሉት፤ አለበለዚያ ውሃው ቱቦው ጋ መድረሻ የለውም።

ስለ ግሪኖቹ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምዎታል። የዩናይትድ ስቴትስ ጎልፍ ማኅበር በ1960 ባወጣውና ከዚያ በኋላ እያሻሻለ በመጣው አሠራር፣ ግሪን ማለት 30 ሴንቲሜትር ገደማ አሸዋ በ10 ሴንቲሜትር ጠጠር ላይ ማለት ነው። ሰው «ከታች ጠጠር ካለ ውሃው ወዲያው ይወርዳል» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። የራሰ ስፖንጅ በእጅዎ ቢይዙ ላዩ ሲቀል ታችኛው ጫፍ ውሃ ይዞ ይቀራል። አሸዋውም እንዲሁ ነው። ከጠጠሩ ጋር የሚገናኝበት ታችኛው ክፍል ውሃ ይይዛል፣ የላይኛው ደግሞ ይተነፍሳል። ሥርዓቱ ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግሪን እያለዎት ላዩ ሲረገጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከታች አይደለም። ላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ የተጠራቀመው የሙት ሳርና ሥር ንብርብር ነው ውሃውን የያዘው። ቁራጩን ሲያወጡ ያንን ቡናማ የሙት ሳር ንብርብር በጣትዎ ይጭመቁት። ውሃ ከወጣው መልሱን አገኙ። ግሪኖችዎ ከአካባቢው አፈር የተሠሩ የድሮ ዓይነት ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የላይኛው ተዳፋትና የውሃ መውጫው ነው ወሳኙ።

አሁን ወደ ካርቱ እንምጣ። አብዛኛው ሰው አደገኛው ቀን ዝናብ የሚዘንብበት ቀን ይመስለዋል። በዚያ ቀን ጎማ ሜዳውን ያርሰዋል፤ ጉዳቱም በግልጽ ይታያል፣ ሁሉም ይደነግጣል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው አንድ ሁለት ቀን ነው። ትርፍ ውሃው ወርዷል። ላዩ ደርቆ ያምራል። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ገና እርጥብ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በቀላሉ እየተንሸራተቱ የሚጠቀጠቁት በትክክል በዚህ ጊዜ ነው። ምንም የጎማ ምልክት ላይታይ ይችላል። ጉዳቱ ግን ተፈጽሟል፤ የአየሩ ቦታ ተዘግቷል። በሸክላ አፈር ላይ ይህን መመለስ ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ውሳኔውን ለዓይን አይተዉት። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ካለው ቦታ አንድ እፍኝ አፈር ያውጡ። ጨብጠው ኳስ ያድርጉት። በአውራ ጣት ሲገፉት ከተፈረካከሰ ማሽን ማስገባት ይቻላል። እንደ ሊጥ ከተለጠጠና ሳይፈርስ ከቆየ አይገባም። ይህን በየቀኑ ጠዋት በተለያዩ ፌርዌዮች ላይ ያድርጉና ውጤቱን ለክለቡ ያሳውቁ። ተጫዋቾች «ትናንት ተፈቅዶ ዛሬ ለምን ተከለከለ» ሲሉ መልስ ይኖርዎታል። ካርት ሲፈቀድም መጀመሪያ በመንገዱ ላይ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ከመንገዱ ኳሱ ጋ በቀጥታ ገብቶ በዚያው መውጣት። ነጻ መንዳት የመጨረሻው ነው። አካል ጉዳት ላለባቸው ተጫዋቾች ደረቅ የሆነ መግቢያ አስቀድመው ያዘጋጁ።

የጨዋታው ሕግም ይረዳዎታል። ጊዜያዊ ውሃ (ለምሳሌ በዝናብ ያቆረ) ውስጥ የገባ ኳስ በሕግ 16.1 ያለ ቅጣት ይነሳል። በራሱ ምት ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ኳስ ደግሞ በሕግ 16.3። ክለቡ ኳስን አንስቶ ማጽዳትና አጠገቡ ማስቀመጥን የሚፈቅደውን የአካባቢ ሕግ ሊያውጅ ይችላል። በጣም የተጎዳውን ቦታ በጥገና ላይ ያለ ብሎ መከለልም ይቻላል። ሆሉን ከፍ ካለውና ከደረቀው የግሪኑ ክፍል ላይ ያድርጉት፤ በየቀኑም ያንቀሳቅሱት። እግር አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከማሽን አያንስም። ግሪኑ ጨርሶ ካልቻለ ይዝጉትና ፌርዌይ ላይ ጊዜያዊ ግሪን ይሥሩ። ተጫዋች ያጉረመርማል፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ማጣት አንድ ሙሉ ወቅት ከማጣት ይሻላል።

ወደ ማጨዱ ስንመጣ፣ የፌርዌዩ ሳር ቁርጭምጭሚት ስለደረሰ በጣም አይሸበሩ። ረጅም ሳር ረጅም ሥር ይይዛል፤ ቅጠሉም ውሃ ወደ አየር እየላከ አፈሩን ያደርቃል። የሚያበላሸው የመጀመሪያው አጨዳ ነው። ብዙ ሰው መሬቱ በቻለ ቀን ማሽኑን በተለመደው 12 ሚሊሜትር አስተካክሎ ይገባል። በአንድ ጊዜ አረንጓዴው ሁሉ ይቆረጥና ነጭ ግንድ ብቻ ይቀራል። ሳሩ ቅጠሉን መልሶ ለመሥራት ሲል ከሥሩ ያስቀመጠውን ያወጣል፣ የሥሩም እድገት ይቆማል። ደንቡ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ አለመቁረጥ ነው። 6 ሴንቲሜትር ከደረሰ መጀመሪያ ወደ 4፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወደ 2.7፣ እንዲህ እያሉ ይውረዱ። ለመጀመሪያው ዙር የራፍ (ከፌርዌዩ ዳር ያለው ረጅም ሳር) ማጨጃውን ይጠቀሙ። የተቆረጠው እርጥብ ሳር ክምር ክምር ሆኖ ከቀረ ከሥሩ ያለውን ያፍነዋል። ትንሽ ሲደርቅ በነፋሻ ማሽን ይበትኑት፤ በጣም ብዙ ከሆነ ይሰብስቡት።

ማለዳ ማጨድ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት ግን ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል፤ ቅጠሉም መሬቱም ትንሽ ስለሚደርቅ። ቢላዋው ስለታም ይሁን። እርጥብ ሳር በደነዘ ቢላዋ ይቀደዳል፣ የተቀደደ ጫፍ ደግሞ ለበሽታ በር ነው። ግሪን ላይ ተቀምጠው የሚነዱትን ባለ ሦስት ራስ ማጨጃ ትተው በእጅ የሚገፋውን ይጠቀሙ። ከፊት ያለው ሮለር ጎድጓዳ መስመር ካለው ለስላሳ በሆነው ይቀይሩት። የግሪኑን ዳር የሚዞረውን የመጨረሻ ዙር በየሁለተኛው አጨዳ ይዝለሉት፤ ሁልጊዜ ያው መስመር ላይ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው። ከፍታውን 3 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 3.5 ወይም 4 ያውጡት። ግማሽ ሚሊሜትር ለኳሱ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ፀሐይ ላጣ ሳር ግን ብዙ ቅጠል ነው። ደመናማ ሳምንታት ሳሩን በብርሃንም ያስርቡታል፣ ይህን አንርሳ። ግሪኖቹን የሚሸፍኑ ዛፎች ካሉ የማለዳ ፀሐይን ከሚከለክሉት ቅርንጫፎች ይጀምሩ።

የእድገት መቆጣጠሪያ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ትሪኔክሳፓክ ኢቲል፣ አጨዳን ይቀንሳል። ጤነኛ ሳር ላይ ዝናቡ ሳይገባ ቀድሞ የተረጨ እንደሆነ በጣም ይጠቅማል። አሁን ቢጫ በሆነው ግሪን ላይ ግን አይርጩት። ማገገም ያለበትን ሳር እንዳያድግ መከልከል ይሆናል።

ስለ ክብ ክብ ምልክቶቹ። ከርቀት ሆኜ በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነና ክቦቹ የመዳብ ዓይነት ቡናማ ጠርዝ ካላቸው መጀመሪያ የምጠረጥረው ማይክሮዶኪየም የሚባለውን ፈንገስ ነው። ማለዳ ጤዛው ሳይነሳ ሄደው ጠርዙን ይመልከቱ። ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ስስ ድር ካዩ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ክብ ቅርጽ ሳይኖረው ዝቅተኛና ውሃ የሚተኛባቸው ቦታዎች ላይ ሳሩ ቢጫ ሆኖ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፒቲየም የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ የሚያመጣው የሥር መበስበስ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ያለ ማይክሮስኮፕ አይለይም። የሁለቱ መድኃኒት ይለያያል፤ ስለዚህ ሳያውቁ አይርጩ። ለእጽዋት በሽታ ላቦራቶሪ ናሙና ሲልኩ ከሞተው መሃል ሳይሆን ከክቡ ጠርዝ ይቁረጡ፤ ግማሹ ጤነኛ ግማሹ የታመመ ይሁን። ከመሃል የተወሰደው የሞተ ሳር ስለ ገዳዩ ብዙ አይናገርም።

መርጨት ካለብዎት ቅጠል ላይ ብቻ የሚቀመጥ መድኃኒት በዝናብ ይታጠባል። ወደ ሳሩ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ይመረጣል። ከረጩ በኋላ ስንት ሰዓት ያለ ዝናብ መቆየት እንዳለበት መለያው ላይ ተጽፏል፤ ያንን ያህል ክፍተት ከትንበያው ላይ ይፈልጉ። አንድ ዓይነት መድኃኒት አይደጋግሙ፣ ፈንገሱ ይለምደዋል። መሬቱ ውሃ በጠገበበት ጊዜ የተረጨው ሁሉ ወደ ኩሬና ወንዝ ስለሚወርድ ከውሃ ዳር ያለውን ርቀት በጥብቅ ይጠብቁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልተኝነት ይቅር የሚባል አይደለም። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ጤዛውን ማለዳ በገመድ ወይም በብሩሽ ማራገፍ ሳይታክቱ የሚሠሩት ሥራ ይሁን። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ሰዓት ባጠረ ቁጥር ፈንገሱ ይቸገራል።

አይረን ሰልፌት በትንሽ መጠን ሲረጭ ማይክሮዶኪየምን ለማዳከም ይረዳል፣ ሳሩንም ያለ እድገት አረንጓዴ ያደርገዋል። ቀለም ለሚፈልጉት አለቆችዎ ጥሩ መልስ ነው። ግን ቁራጩ ላይ ጥቁር ንብርብር ካዩ እዚያ ግሪን ላይ አይረን ሰልፌት አይጠቀሙ። በውስጡ ያለው ሰልፌት ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። ለዚያ ግሪን ኪሌት የተደረገ (ከሌላ ውሕድ ጋር የተያያዘ) ብረት ይምረጡ። ኖራም አሁን አይበትኑ። ላዩ ወደ አልካሊነት ሲያደላ ማይክሮዶኪየም ይመቸዋል።

ማዳበሪያ መቼ? ከግሪኖቹ ነጭ ሥር ባገኙባቸው ላይ፣ ደረቅ ክፍተት ሲመጣ፣ በፈሳሽ መልክ በካሬ ሜትር 0.5 ግራም ያህል ናይትሮጅን ቅጠሉ ላይ ይርጩ። ሥሩን ሳንጠብቅ በቅጠል በኩል ጥቂት መስጠት ነው። ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ አይተው ይድገሙ። ሥሩ ቡናማ የሆነባቸውን አየር እስኪያገኙ ይተዉአቸው። ፌርዌይ ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ መሬቱ ማሽን ሲችል። በዝናብ መሃል በብዛት መበተን ገንዘቡን ወደ ኩሬው መጣል ነው። የቀረው ትንሽ ነገር ደግሞ ቅጠሉን ለስላሳና ረጅም ያደርገዋል፤ ለስላሳ ቅጠል ለፈንገስ የተመቸ ነው፣ ሥርንም አይጠቅም።

አፈሩን መብሳት ሁሉም የሚጠይቀው ነገር ነው። አሸዋማ ግሪን ላይ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ጠጣር መርፌዎች መብሳት ላዩን ብዙም ሳይረብሽ አየር ያስገባል። ማሽኑ ምልክት ሳይተው መሄድ ከቻለ ይሥሩት፤ በተለይ ጥቁር ንብርብር ባለበት ግሪን ላይ ጋዙ መውጫ ያገኛል። አፈር ነቅሎ የሚያወጣውን ባዶ መርፌ ግን ለደረቅ ቀን ያቆዩት። ሸክላ ፌርዌይ ላይ እርጥብ እያለ ፈጽሞ አይሞክሩ። መርፌው የቀዳዳውን ግድግዳ ይለስነዋል፣ ትራክተሩ ደግሞ በክብደቱ የከፈተውን ይዘጋል። በጥልቀት የሚበሳው ማሽንም የሚሠራው አፈሩ ሲፈረካከስ ነው።

ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው አሸዋ ከግሪኑ አሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ርካሽ ተገኘ ብሎ ደቃቅ አሸዋ መጨመር ከሁሉ የከፋ ነው። ውሃ የሚይዝ አዲስ ንብርብር በራስዎ እጅ ፈጠሩ ማለት ነው፤ እሱን ለማስወገድ ዓመታት ይወስዳል። ደረቅ አሸዋ በስስ፣ ደጋግሞ፣ ላዩ ሲደርቅ ብቻ።

የባንከሮቹ (አሸዋ የሞላባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች) ነገር አጭር ነው። ውሃውን ያውጡ፣ የወረደውን አሸዋ ወደ ላይ ይመልሱ፤ ከአሸዋው ጋር የተቀላቀለውን ደለል ግን አብረው አይመልሱት። ደለሉ ከገባ ማፋሰሻው ይደፈናል። ሰው ካነሰዎት ባንከሮቹን በጥገና ላይ ብለው ይዝጉና ሠራተኛውን ወደ ግሪን ይላኩ። የምድር ትሎች የሚያወጡትን የአፈር ክምር ሲደርቅ በብሩሽ ይበትኑ፣ እርጥብ እያለ በማጨጃ አይሂዱበት።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲዘጋጁበት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን፤ የመጀመሪያው ሞቃት ቀን። ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሙቀቱ ድንገት ይወጣል። አፈሩ አሁንም ውሃ ጠግቧል። ከቀትር በኋላ ግሪኑ ውሃ እንደጠማው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ይጠወልጋል። ልምድ የሌለው ሠራተኛ ሮጦ ውሃ ይከፍትበታል፣ ሳሩም ያበቃለታል። ይህ በእርጥብ አፈር ላይ የሚመጣ መጠውለግ ነው። ቅጠሉ የሚጠይቀውን ውሃ የተዳከመው ሥር ሊያደርስለት አልቻለም። መጀመሪያ አፈሩን ይንኩ። እርጥብ ከሆነ የሚያስፈልገው ቅጠሉን የሚያቀዘቅዝ በጣም ስስ ርጭት ነው፤ አፈሩን የማያርስ፣ በእጅ ቱቦ፣ ለአፍታ። ቅጠሉ ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየር የማይዞርባቸው የተከለሉ ግሪኖች ላይ ማራገቢያ ካለ ያብሩ። በዚያ ቀን ማጨድ፣ ሮለር መንዳት፣ መድኃኒት መርጨት የለም።

ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ አጭር ስለሆነ ከታች ያለው ውሃ ጋ አይደርስም። ያኔ እውነተኛ ጥማት ነው። አውቶማቲክ የመስኖ ሰዓቱን አያብሩት። የእርጥበት መለኪያ ይዘው ይዙሩ፣ የደረቀውን ቦታ ብቻ በእጅ ያጠጡ። የእያንዳንዱን ግሪን የሥር ጥልቀት ዛሬ ከጻፉ የትኛው መጀመሪያ እንደሚጠማ ቀድመው ያውቁታል። እኔ ብሆን ያን ወረቀት ማሽን ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲያየው።

የሞተውን ቦታ እንደገና መዝራት የሚቻለው ውሃው ከወጣና አፈሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሞቀ በኋላ ነው። ፌርዌይና ራፍ ላይ ፔሬኒያል ራይግራስ ከ5 እስከ 10 ቀን ይበቅላል፤ ኬንታኪ ብሉግራስ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ግሪን ላይ ትንንሽ ቦታዎችን ከመለማመጃው ግሪን ቆርጦ በሆል መቁረጫ መትከል ከመዝራት ይፈጥናል። የተተከለው ከዙሪያው ጋር እኩል ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ካለ ማጨጃው ይላጨዋል። አንድ ነገር ግን ከዘሩ በፊት ይታሰብ። ሳሩ የሞተው ውሃ ስለሚተኛበት ከሆነ በዚያው ቦታ ላይ ፖአ አኑዋ ቀድሞዎት ይበቅላል፤ በተጠቀጠቀና በእርጥብ መሬት የሚያህለው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ በባንዲራ ምልክት ያደረጉበትን ቦታ ማፋሰሻ ይሥሩለት፣ ከዚያ ዘሩን ያውርዱ።